«ተጠየቅ» እና የእገዳው ደብዳቤ፦ በኮሌጅ ቀን ግጥሞች አነባበብ ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ ሥነ ግጥም ታሪክ ውስጥ በያዙት ቃል ሳይሆን ባስከተሉት ቅጣት የሚታወሱ ግጥሞች አሉ። ከእነዚህ መካከል ቀድመው የሚጠሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው ዓመታዊ በዓል ላይ ይነበቡ የነበሩት ናቸው፤ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»፣ የዮሐንስ አድማሱ «እስኪ ተጠየቁ»፣ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም»። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ግጥሞች ታሪክ እንደገና መተረክ አይደለም፤ ያ በታሪክ ተመራማሪዎች፣ በተለይም በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ፣ በሚገባ ተሠርቷል። እኔን ያሳሰበኝ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ድርሻ ነው። ግጥሞቹን የምናነባቸው በቅጣቱ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም የምለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግጥም ሳላነብ ቅጣት ጽፌአለሁ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ተማሪዎቼን ስለ «ደሃው ይናገራል» ስጠይቃቸው፣ መልሱ ምንጊዜም ከገጣሚው ድፍረት ይጀምራል፤ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ ባለሥልጣናት በሚታደሙበት በዓል ላይ የደሃውን ብሶት በአደባባይ መናገሩን ያነሣሉ። ልክ ናቸው። «በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የሚናገረው? መልስ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?» ብዬ ስቀጥል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዝምታው የተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም። እኛ መምህራኑ ስናስተምር ግጥሙን በድፍረቱ መዝነን፣ ድፍረቱንም በቅጣቱ መዝነን ነው። ቅጣቱ የከበደ ግጥም ታላቅ፣ ቅጣት ያልነካው ግጥም ቀላል ሆነ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የሀገራችን ትልቁ ኀያሲ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ያህል ባጭሩ ልበል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። «ደሃው ይናገራል» የተነበበው በአሮጌው ስም የመጨረሻ ዓመት ነው። ከ1954ቱ በዓል በኋላ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ፤ ቀጥሎም የአዳሪነት ሥርዓት ቀረና ግቢ ውስጥ በልቶ ግቢ ውስጥ ያድር የነበረ ተማሪ ከተማ ወጥቶ ቤት እንዲከራይ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ምክንያታቸውን በበጀትና በቦታ ጥበት ቢያስረዱም፣ ተማሪው በግጥም ምክንያት የመጣ የጋራ ቅጣት አድርጎ ነው የቈጠረው። ከዚያ ወዲያ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» መጣ፤ በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም» መጣ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ነገሩ ከደብዳቤ ወደ ጥይት ሲሸጋገር ዐሥር ዓመት እንኳ አልፈጀም።

አሁን ወደ ግጥሞቹ ልመለስ፤ ለዛሬ የምወስደው ርእሶቻቸውን ብቻ ነው። አንድ ርእስ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት ለያዝሁት ነገር ይበቃልና።

«ደሃው ይናገራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤትና ግሥ አለው። ነገር ግን በርእሱ ውስጥ ደሃው ራሱ ገና አልተናገረም። «እናገራለሁ» አላለም። ሌላ ሰው ከፊቱ ቆሞ፣ እንደ አጋፋሪ፣ «ስሙ፣ ይህ ሰው ይናገራል» እያለ ነው። ባለ ድርሻው ሁለት ሆነ፤ አስተዋዋቂውና ተናጋሪው። የኮሌጅ ተማሪ የደሃን ቃል በአፉ ሲይዝ የሚነሣው ጥያቄ፣ «አንተ ማን ነህና ስለ እሱ ትናገራለህ?» የሚለው፣ በርእሱ ውስጥ ተጠይቆ በርእሱ ውስጥ ተመልሷል። ገጣሚው አስተዋዋቂ ነኝ ይላል እንጂ ደሃው ነኝ አይልም። ይህንን ልብ ሳይል ግጥሙን «የተማሪው ንግግር» አድርጎ የሚወስድ ሰው፣ ሊያደንቀውም ይሁን ሊቀጣው፣ ያነበበው ሌላ ነገር ነው።

«በረከተ መርገም» ከዚህ በጣም ይለያል። ሁለት ስም ተዛርፎ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል። ምንጩ ቤተ ክህነት ነው፤ በኦሪት ዘዳግም በገሪዛን ተራራ በረከት፣ በጌባል ተራራ መርገም እንደሚነገር የሰማ ተደራሲ፣ ሁለቱ ተራሮች በአንድ ሐረግ ሲጋጩ ይሰማዋል። ግጥሙም የዓለምን ጠቢባንና የፈጠራ ሰዎች በተርታ እየጠራ፣ የድካማቸው ፍሬ የድኾች መጨቆኛ በመሆኑ የሚረግም ረጅም ግጥም ነው። የእርግማኑ ቅርጽ የደብተራ ነው፤ የተረጋሚዎቹ ዝርዝር የዩኒቨርሲቲ ነው። ገሞራው ከሀገር ወጥቶ በቻይናና በስካንዲናቪያ ኖሮ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን እስኪያርፍ ድረስ የተጻፈለት አብዛኛው ነገር ስለ ስደቱ ነው፤ ስለዚህ ግጭት የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ለእኔ የሚቀርበኝ ግን «እስኪ ተጠየቁ» ነው። ምክንያቱም የዘመሮ ልጅ ነኝ።

ዘመሮ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ገብስና በግ፣ ብርድና ባና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የርስት ነገር የሚታወቅበት አገር ነው። የመንዝ ሰው ከእርሻው እኩል ሙግቱን ያውቃል ይባላል፤ ቢባልም ሐሰት አይደለም። በልጅነቴ የድሮው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከፍርድ ቤት ከወጣ ሰንብቶ ነበር፤ ሽማግሌዎች ግን በድግስ ቀን፣ ጠላው ዞር ዞር ሲል፣ ለጨዋታ ያሳዩን ነበር። አንዱ ይነሣል፤ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልሳል፤ በትሩን ዘርግቶ «ተጠየቅ!» ይላል። ንግግሩ ቤት የሚመታ ነው፤ ነገሩን ከሩቅ፣ ከዱር አራዊትና ከአዝመራ ጀምሮ ያመጣና በመጨረሻ ስንኝ ባላጋራው ጉያ ይጥለዋል። ያ ሲጨርስ ሌላው ይነሣና እሱም በተራው «ተጠየቅ!» ይላል። ልብ ይባልልኝ፤ በዚህ ሥርዓት ጠያቂ ሁሉ ተጠያቂ ነው። ሳይጠየቅ ጠይቆ የሚቀመጥ የለም። በአገሬው አነጋገር ሙግት የገባ ሰው ጆሮውንም ይዞ ይገባል።

ዮሐንስ አድማሱ ይህንን ቃል ሲወስድ ሁለት ነገር አድርጎበታል። አንደኛ፣ «ተጠየቅ» የነበረውን «ተጠየቁ» አለው። በጠላ ቤት የምንሰማው ነጠላ ትእዛዝ ብዙ ሆነ። ይህ የአክብሮት አነጋገር አይደለም፤ ለአክብሮት ቢሆን «ይጠየቁ» ባለ ነበር። የብዙ ቍጥር ነው፤ «እናንተ» ነው። እናንተ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ርእሱ አይናገርም። ስም ያልተጠራበት ክስ ነውና «እኔን ነው ያለው» ብሎ የሚቈጣ ሰው በገዛ ቍጣው ራሱን በተከሳሹ ቦታ ያቆማል። ሁለተኛ፣ ከፊቱ «እስኪ» አኖረበት። «እስኪ» በአማርኛ የሚገርም ቃል ነው፤ ለልመናም፣ ለማባበልም፣ ለድፍረትም ይሆናል። «እስኪ ውሃ ስጠኝ» ልመና ነው፤ «እስኪ ንካኝ» ጠብ ነው። በርእሱ ላይ ያለው የትኛው ነው? ሁለቱም ነው። የግጥሙ አንባቢ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተለምኗልም፣ ተደፍሯልም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን፣ በአዲስ አበባም ስለ ዘመናዊው ተማሪ የመረመረውን አንድ ላይ አድርጎ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የአማራ አነጋገር በሽፍንፍን፣ በሁለት ትርጉም የተሠራ ነው፤ ለባላገሩ ኑሮ የሚያገለግለው ይህ ስልት ግልጽነት ከሚሻው ዘመናዊ ተቋም ጋር ግን አይጣጣምም የሚል ሐሳብ አለው። መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስለ አገሬ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ነገርም አለ። ነገር ግን የመንዝን ሰው አፍ በሰምና ወርቅ ብቻ መፍታት ግማሹን መተው ይመስለኛል። ያው የመንዝ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ወርቁን ፊት ለፊት የሚያወጣበት ሌላ አነጋገር አለው፤ «ተጠየቅ» ነው። የኮሌጅ ቀን ገጣሚዎች ደግሞ ጉዳያቸውን ያመጡት በዚህ በኩል ነው። ግልጽነት ይሻል የተባለው ዘመናዊ ተቋም ግልጽ ቃል ሲመጣለት ያደረገውን ከላይ አይተናል። (ለነገሩ ሰም አልብሰው ቢያመጡት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንዳንድ ጊዜ አስበዋለሁ። ምናልባት ይሸለሙ ነበር።)

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም ሳስተምር፣ የተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነበርሁ። የኮሚቴ ሥራ ከሞላ ጎደል አሰልቺ ነው፤ በፈተና ላይ ማስታወሻ የያዘ፣ ሰክሮ የዘበኛ አንገት ያነቀ፣ የክፍል ጓደኛውን ስልክ የሰረቀ። እነዚህን መቅጣት ተገቢ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። አንድ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉን ከሌላ ተቋም ሰው ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ ቀረበ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ገጽ በገጽ፣ ሰማንያ ገጽ ያህል አነበብን። ሦስት ከሰዓት በኋላ ወሰደብን። ማንም አላጕረመረመም፤ ማስረጃው ጽሑፍ ነውና ጽሑፍ መነበብ አለበት።

በዚያው መንፈቅ ሌላ ጉዳይ መጣ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግጥም ጽፎ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ለጥፏል። ወረቀቱን የቀደደው ሰው ሙሉውን አላስቀመጠውም፤ በፋይሉ ውስጥ የነበረው በፕሮክተሩ እጅ የተገለበጠ ሁለት ስንኝ ነው። ሁለቱ ስንኞች የወጥ ቤቱን ኃላፊዎች በሌብነት የሚሰድቡ ነበሩ። ልጁ ተጠራ፤ «ይህን ጽፈሃል?» ተባለ፤ «ጽፌአለሁ፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም» አለ። «አዎ ወይም አይደለም በል» ተባለ። «አዎ» አለ። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። አንድ ዓመት እገዳ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ቀጥሎ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የአማርኛ ሰው ነህ፤ ደብዳቤውን አስተካክልልን» አለኝ።

አስተካከልሁት። ያንን ደብዳቤ አሁን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ላንብበው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝና ደራሲውን ማማት አይሆንብኝም። «በተደረገው ማጣራት የተቋሙን መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ መለጠፍዎ ስለ ተረጋገጠ፣ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ገበታ እንዲታገዱ ተወስኗል» ይላል። ግሦቹን እንይ። ማጣራት «ተደረገ»፤ ነገሩ «ተረጋገጠ»፤ እገዳው «ተወሰነ»። ማን አጣራ? ማን አረጋገጠ? ማን ወሰነ? አምስት ሰዎች ነበርን፤ ከደብዳቤው ውስጥ አንዳችንም የለንም። «ተጠየቅ» የሚለውም በ«ተ» ይጀምራል፤ ግን እዚያ ጠያቂው በትሩን ይዞ ፊት ለፊት ቆሟል። የእኔ «ተ» መጋረጃ ነው።

ሁለተኛው ነገር «ዎ» ነው። ልጁን በክፍሉ ውስጥ «አንተ» ስንለው ነበር። ደብዳቤው ላይ «እርስዎ» ሆነ። በሦስት ዓመት አባልነቴ እንዳየሁት ተማሪ ከተቋሙ «እርስዎ» የሚባለው ሲሰናበት ነው።

ሦስተኛው የራሴ ጭማሪ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ከትምህርት እንዲታገዱ» ይል ነበር። ለዐረፍተ ነገሩ ምት እንዲሰጠው ብዬ «ከትምህርት ገበታ» አልሁት። ስለ ዳቦ የጻፈን ልጅ ከገበታ አነሣሁት። ያን ዕለት አልታየኝም፤ ቃሉ ሲያምርልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቅጣት ቃሎቻችን ራሳቸው የሚናገሩት አላቸው። በብዙ የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያው ቅጣት «ተግሣጽ» ነው። ቃሉ ከግእዝ «ገሠጸ» የመጣ ሲሆን መምከርንና ማስተማርን ይዞ ነው የመጣው፤ ከመጽሐፈ ምሳሌ የተከፈለው ክፍል በእኛ ቤተ ክርስቲያን «ተግሣጽ» ይባላል። በቅኔ ቤትም ተማሪ ቅኔውን ቈጥሮ ሲነግር የኔታ ያቀናሉ፤ ያልሰመረውን ይነቅሳሉ፤ ግን ለማቃናት አስቀድመው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። በግማሽ ቤት የተነቀፈ ቅኔ የለም። «እገዳ» ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር «ማገድ» መከልከል ብቻ አይደለም፤ ከብት መጠበቅም ነው። በዚህ ላይ የምለው የራሴ ግኝት አይደለም፤ የሰማሁት ዘመሮ ነው።

ልጁ የዘመሮ ልጅ መሆኑን የሰማሁት ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ አባቱ እቤት ድረስ መጡ። አባቴን የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ናቸው። ሊጣሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ስለ ብርዱና ስለ ገብሱ ሲጫወቱ ቆዩና፣

«ልጄ ምን አለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ጽፎ... ሰዎቹን ሰድቦ...» እያልሁ ጀመርሁ።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉ። «ምን አለ? ቃሉን ንገረኝ። ሰው በምን ቃል እንደ ተፈረደበት አባቱ አይሰማም?»

የማውቀው ሁለት ስንኝ ነው። ሁለቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ «ከዚህ በፊትስ? ከዚህ በኋላስ?» አሉ። አላውቅም ማለት አፈርሁ። አልዋሽሁም ግን፤ «አላየሁትም» አልሁ። «ሳታየው?» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሲነሡ፣ «አሁን በጎቹን እሱ ነው የሚያግድ። እናንተ አገዳችሁት፣ እሱ በግ ያግዳል» ብለው ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም።

በማግሥቱ ሄድሁ። ልጁ በጎቹን ይዞ ሲገባ ደጅ ላይ ጠብቄው ግጥሙን እንዲነግረኝ ለመንሁት። አባቱም በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ስንኝ ነው።

ግጥሙ ሙግት ነው። ዳቦ ከሳሽ፣ ሆድ ተከሳሽ፣ ማንኪያ ዳኛ ናቸው። ዳቦ ተነሥቶ «ተጠየቅ» ይላል፤ ሳልቦካና ሳልበስል እየዋጥህ ለምን ታማኛለህ ብሎ ሆድን ይከሳል። ሆድ በተራው ይነሣና ወጥ ቤቶቹን በሌብነት ይሰድባል። ፋይሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ስንኞች እነዚህ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ማንኪያ ይፈርዳል፤ በሆድ ላይ ነው የሚፈርድበት። ባላየኸው ነገር ሰው ሰድበሃልና የዛሬ ራት ይቅርብህ ይለዋል።

ደጋግሜ አስነገርሁት። ስድቡ የልጁ ቃል አልነበረም፤ የሆድ ነው። ሆድም ለስድቡ በግጥሙ ውስጥ ተቀጥቷል። እኛ አምስት ሰዎች ልጁን የቀጣነው ግጥሙ ራሱ ቀድሞ በቀጣው ቃል ነው። የማፍርበት ደግሞ ይኸው ነው፤ ቅርጹ «ተጠየቅ» ነበር። ከአምስታችን መካከል ያንን ቅርጽ ከእናት አባቱ ቤት ይዞ የመጣ እኔ ብቻ ነበርሁ። ዐሥራ ስምንቱን ስንኝ አምጡ ብል ኖሮ በሦስተኛው ስንኝ ዐውቀው ነበር። አላልሁም። «ግን እሱ ብቻ አይደለም» ሲል ከተናገረው ቃል ሁሉ የሂስ ትምህርት ያለው እሱ ነበር፤ የሂስ መምህሩ አልሰማሁትም።

በሌላም አገር የሚጠቀስ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ፐርሲ ቢሽ ሼሊ በ1811 እ.ኤ.አ. ከኦክስፎርድ የተባረረው እግዚአብሔር የለም የሚያሰኝ በራሪ ጽሑፍ በመጻፉ ነው እየተባለ ይነገራል። የተጻፈበት ጥፋት ግን ያ አይደለም፤ ስለ ጽሑፉ ተጠይቆ አልመልስም በማለቱ፣ ጽሑፉ የእኔ አይደለም ብሎ ባለመካዱም ነው። «አልጠየቅም» በማለቱ ተቀጣ ማለት ይቻላል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያው ኮሌጅ ሐውልቱን በግቢው ውስጥ አቆመለት። ይህን ታሪክ ስናወራ የምንወደው መጨረሻውን ነው፤ ሐውልቱን። እኔን ግን የሚይዘኝ መካከሉ ነው፤ ስለ አንድ ጽሑፍ በተጠራ ጉባኤ ላይ ክርክሩ ስለ ጽሑፉ ይዘት አልነበረም። ዮሐንስ አድማሱም ኋላ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኗል፤ ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ያዘጋጀው ጥናት አለ፤ ግጥሞቹም በወንድሙ በዶክተር ዮናስ አድማሱ አሰናጅነት ታትመዋል። መጽሐፉ በመደርደሪያችን ላይ ስላለ «ጽሑፉን አላገኘነውም» የምንልበት ምክንያት የለንም።

ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል ዐውቃለሁ። የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ከዘመናቸው ተነጥለው ሊነበቡ አይችሉም፤ ቅጣቱም የዐውዳቸው አካል ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነት ነው፤ ቅጣቱን እርሱት አላልሁም። ግን ቅጣቱ የግጥሙ የመጀመሪያ አንባቢ ምላሽ እንጂ የግጥሙ ትርጉም አይደለም፤ ያም የመጀመሪያ አንባቢ፣ ከራሴ እንዳየሁት፣ ሁለት ስንኝ ብቻ አንብቦ ሊሆን ይችላል። ቀጭውን ስናወግዝ ንባቡን ከእሱ ተውሰን ከሆነ፣ ከእሱ የተለየነው በፍርዱ ብቻ ነው፤ እሱ «ስድብ ነው» ያለውን እኛ «ጀግንነት ነው» እንላለን፤ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ከዘመሮ ስመለስ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሙሉውን ግጥም አያይዤ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቅሁ። በደብዳቤዬ ውስጥ «ተ» ያለበት ግሥ እንዳይኖር ተጠነቀቅሁ፤ «ሳላነብ ፈረድሁ» ብዬ ጻፍሁ። የመጣልኝ መልስ አጭር ነው፤ «ጉዳዩ ውሳኔ ያገኘ በመሆኑ ተዘግቷል» ይላል። ልጁ ዓመቱን ጨርሶ ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ፈጽሟል።

አባቱ በዚያ ምሽት ግጥሙን ሰምተው ሲያበቁ ያሉትን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ ግጥም ላይ የተሰጠ የመጀመሪያው ሂስ እሱ ነውና። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ማንኪያው ቸኮለ» አሉ።

«እንዴት አባባ?» አልሁ።

«ሆድን ጠየቀው፤ ዳቦውን መልሶ አልጠየቀውም። ዳቦው እውነቱን ይሁን ውሸቱን በምን ዐወቀ? እንዲህ ያለ ዳኛ እኛ ዘንድ አይቀመጥም።»

ልጁ አልተከራከረም። በጎቹን በረት አስገብቶ ሲመለስ ደብተር ይዞ መጣ። ከሦስት ወር በኋላ የተስተካከለውን ላከልኝ፤ ማንኪያ ከመፍረዱ በፊት ወደ ዳቦ ዞሮ «አንተም ተጠየቅ» የሚልበት አራት ስንኝ ተጨምሮበት ሃያ ሁለት ሆኗል። ከበፊቱ በብዙ የተሻለ ነው። ዐሥራ ሰባተኛው ስንኝ ላይ ግን ቤቱ በግድ የመታ ይመስለኛል፤ ይህንንም ጽፌለታለሁ።